የፒዛ ሊጥ እጅ ላይ ሲለጠፍ ዱቄት ለምን አይጨመርም?

ፒዛ በቤቱ ለመጋገር የሞከረ ሰው ይህችን ቅጽበት ያውቃታል። ዱቄቱ ተነፍቶ፣ ውኃው ተጨምሮ፣ እጅ ወደ ሳህኑ ይገባል፤ ሊጡም ጣትን ከጣት ያጣብቃል። ሌላኛው እጅ ሳይታዘዝ ወደ ዱቄቱ ከረጢት ይሄዳል። አንድ ጭብጥ ይነሰነሳል፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ጭብጥ። በመጨረሻ ሊጡ እጅን ይለቅና ሰላም ይወርዳል። ከኦቨን የሚወጣው ነገር ግን ጥርስ ይፈትናል። ያኔ እርሾው ይታማል፣ ኦቨኑ ይታማል። ሁለተኛዋን ጭብጥ የሚያማት የለም።

የፒዛ ሊጥ ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨውና እርሾ ነው። መጠኑን የሚናገር ሞልቷል፤ ምክንያቱን የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ደግሞ ነገሩ ሲዛባበት የሚያርመው በግምት ነው። ስለዚህ ከሚዛኑ በፊት ሳህኑ ውስጥ የሚካሄደውን እንይ።

እንጀራ የሚያቦካ እጅ በፒዛ ሊጥ ለምን ይቸገራል?

ሁለቱም ሊጥ ናቸው፣ ሁለቱም በእርሾ ይቦካሉ፤ ነገር ግን አየሩን የሚይዙበት መንገድ የተለያየ ነው። የጤፍ ሊጥ ቀጭን ነው፤ ይፈስሳል። አብሲቱ ተበስሎ ሲመለስበት ይወፍራል፣ ምጣድ ላይ ሲያርፍም አረፋው ወደ ላይ ወጥቶ ይፈነዳል። የእንጀራ ዓይን የምንለው አየሩ የወጣበት ቀዳዳ ነው። በፒዛ ሊጥ የሚፈለገው ግን ተቃራኒው ነው፤ አየሩ እንዳይወጣ።

አየሩን የሚያስረው ግሉተን የሚባለው ነገር ነው። በስንዴ ዱቄት ውስጥ ሁለት የፕሮቲን ዓይነቶች አሉ፤ ስማቸው ግሊያዲንና ግሉተኒን ይባላል። ዱቄቱ ደረቅ ሳለ ለየብቻቸው የተቀመጡ ናቸው። ውኃ ሲነካቸው ተያይዘው ግሉተንን ይፈጥራሉ። አንዱ ለሊጡ መለጠጥን ይሰጠዋል፤ ሌላው የተለጠጠው ወደ ቦታው እንዲመለስ ያደርገዋል። ድርና ማግ እንደ ማለት ነው። በቅርጫት ያለ ፈትል ነፋስ አያግድም፤ ተሸምኖ ጥቅጥቅ ያለ ጋቢ ሲሆን ግን ያግዳል። ውኃው ፈትሉን ያገናኛል፤ መታሸትና ጊዜ ይሸምኑታል። እርሾው የሚተነፍሰው አየር ከጋቢው ሥር ተይዞ ይቀራል፣ ሊጡም ኩፍ ይላል።

ይህን በዓይን ማየት ለሚፈልግ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ከታሸ የስንዴ ሊጥ የእንቁላል ያህል ቆርሳችሁ ለ20 ደቂቃ አሳርፉት። ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ ያለበት ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ በቀስታ ጭመቁት። ውኃው ወተት ይመስላል፤ የሚወጣው ስታርች የሚባለው የዱቄቱ ክፍል ነው። ውኃውን ሦስት አራት ጊዜ ለዋውጡ። ውኃው እየጠራ ሲመጣ መዳፋችሁ ላይ ግራጫማ፣ የታኘከ ማስቲካ የሚመስል ነገር ይቀራል። ስትስቡት ይሳባል፤ ስትለቁት ይሰበሰባል። ግሉተን ማለት ያ ነው። በጤፍ ሊጥ ብትሞክሩት እጃችሁ ላይ የሚቀር እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ጤፍ ግሉተን የለውምና። ከጤፍ ብቻ የሚለጠጥ የፒዛ ሊጥ የማይወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የባለሙያ ማነስ አይደለም።

ድፎ ዳቦ የምትጋግር እናት ግን ከዚህ ውስጥ ብዙውን በእጇ ታውቀዋለች። የስንዴ ሊጥ ነው፤ የሚለየው ውፍረቱና እሳቱ ነው። ድፎ ወፍራም ስለሆነ ዝግ ባለ እሳት ውስጡ ድረስ እንዲበስል ጊዜ ይሰጠዋል። ፒዛ ቀጭን ነው፤ በኃይለኛ እሳት ተይዞ ቶሎ መውጣት አለበት።

የትኛው ዱቄት?

በአገራችን ሱቆች ፉርኖ ዱቄት የሚባለው ነጩ የስንዴ ዱቄት ይበቃል። ስሙም ለጉዳያችን የተገባ ነው፤ በጣልያንኛ ፎርኖ ማለት የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ነው። ከወፍጮ ቤት በቀጥታ የመጣ፣ ፉርሽካው ያልወጣለት ዱቄት ጣዕሙ ደስ ይላል፤ ነገር ግን የፉርሽካው ስለታም ጠርዝ የግሉተኑን መረብ እየቆራረጠ አየሩን ያስወጣዋል። እሩቡን ያህል ከነጩ ጋር መቀላቀል ምንም አይልም።

ከረጢቱ ላይ የፕሮቲን መጠን የተጻፈ ከሆነ በ100 ግራም ውስጥ ከ11 እስከ 13 ግራም ያለውን ምረጡ። የጣልያን ዱቄት ላይ የሚታየው «ዜሮ ዜሮ» ብዙ ሰው የጥንካሬ ምልክት ይመስለዋል፤ የሚናገረው ግን ዱቄቱ ምን ያህል የነጠረ እንደሆነ ነው። ፕሮቲኑን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ቤኪንግ ፓውደር አስቀድሞ የገባበትን የኬክ ዱቄት በስህተት እንዳታነሡ ተጠንቀቁ።

ውኃው ስንት ነው?

ጋጋሪዎች ሁሉን ነገር የሚለኩት በዱቄቱ ክብደት ነው። ዱቄቱ 100 ነው ይላሉ፤ ሌላው ከእሱ አንጻር ይሰላል። ለቤት ኦቨን ጥሩ መነሻ የሚሆነው ውኃ 65፣ ጨው 2 ነው። ዱቄቱ 500 ግራም ከሆነ ውኃው 325 ግራም፣ ጨው 10 ግራም፣ ከፈለጋችሁም አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ይህ ሦስት መካከለኛ ፒዛ ይወጣዋል። ሚዛን ከሌለ 240 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ስኒ፣ ሳይጠቀጠቅ፣ አራት ስኒ ዱቄትና አንድ ስኒ ከሲሶ ውኃ ማለት ነው። ሚዛን ግን ይሻላል፤ የተጠቀጠቀ ስኒና ያልተጠቀጠቀ ስኒ በሰፊው ይለያያሉ።

አሁን ወደዚያች ጭብጥ እንመለስ። አንድ ጭብጥ ዱቄት 40 ግራም ነው እንበል። ስትጨምሩት ውኃው ከ65 ወደ 60 ይወርዳል። ሁለተኛዋ ጭብጥ ስትገባ 56 ይሆናል። ሊጡ አሁን ሌላ ሊጥ ነው፤ መጀመሪያ የለካችሁት አይደለም።

«የፒዛ መፍለቂያ የሆነችው የጣልያኗ ኔፕልስ ጋጋሪዎችስ በዚያው መጠን አይደል የሚሠሩት?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የእነሱ ሊጥ ውኃው ያነሰ ነው። ነገር ግን የእነሱ የእንጨት ምድጃ ከ430 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፣ ፒዛው ውስጡ የሚቆየውም ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ነው። ውኃው ለመትነን ጊዜ አያገኝም። የቤት ኦቨን ብዙውን ጊዜ ከ250 ዲግሪ አያልፍም፤ ፒዛው 8 ወይም 10 ደቂቃ ይቆያል። በዚያ ሁሉ ደቂቃ ሊጡ እየደረቀ ነው። ስለዚህ ደካማ ኦቨን ያለው ሰው የበለጠ ውኃ ያስፈልገዋል። ነገሩ ከሚጠበቀው ጋር የተገላበጠ ነው፤ የብዙ ሰው ፒዛ የሚበላሽበት ምሥጢርም እዚህ ጋ ነው።

እጅ ላይ ሲለጠፍ ታዲያ ምን ይደረግ? መተው ነው። ዱቄቱ ውኃውን በአንድ ጊዜ አይጠጣም። ሊጡ ደረቅ ዱቄት እስከማይታይበት ድረስ ብቻ ቀላቅሉና ሸፍናችሁ ለ20 ደቂቃ ሂዱ፤ ቡና ቁሉ፣ ዕቃ እጠቡ። ስትመለሱ ያው ሊጥ፣ ምንም ሳይጨመርበት፣ ለስልሶና ተሰብስቦ ታገኙታላችሁ። ድርና ማጉ በራሱ መያያዝ ጀምሯል። ከዚያ በኋላም የሚለጠፍ ከሆነ እጃችሁን ውኃ ወይም ዘይት አስነኩት እንጂ ሊጡን ዱቄት አታስነኩት።

የፓኬት እርሾና የእንጀራ እርሾ አንድ ናቸው?

በአማርኛ ሁለቱንም እርሾ እንላቸዋለን፤ ግራ መጋባቱ ከዚህ ይጀምራል። ከእንጀራ ሊጥ ላይ የሚቀዳው ቢጫ ውኃ ብዙ ዓይነት እርሾዎችና ኮምጣጣነቱን የሚያመጡ ባክቴሪያዎች አንድ ላይ የሚኖሩበት ማኅበር ነው። የፓኬቱ ደረቅ እርሾ ግን ለብቻው ተራብቶ የደረቀ አንድ ፍጥረት ነው። የመጀመሪያው ዝግ ይላል፣ ጣዕም ያበዛል፤ ሁለተኛው ይፈጥናል፣ ብዙም አያኮመጥጥም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው የፓኬቱ ይቀላል።

እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ያሳየው ይህንኑ ነበር፤ መቡካት የሕያዋን ሥራ መሆኑን። ስኳር ይበላል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝና አልኮል ያወጣል። ጠላና ጠጅ የሚያሰክሩት በዚሁ ሥራ ነው። በፒዛ የምንፈልገው ጋዙን ነው፤ አልኮሉ በእሳት ይተናል። ስኳር መጨመር ግድ አይደለም፤ ዱቄቱ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር እየሰበሩ ያቀርቡለታል።

በዚያው ቀን ለሚጋገር ሊጥ ለ500 ግራም ዱቄት 3 ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ ልኩን፣ ይበቃል። ውኃው ለብ ያለ ይሁን፤ ሕፃን ልታጥቡበት የምትደፍሩት ዓይነት። ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ እርሾው ይሞታል። እኔ ይህን የተማርኩት በመጽሐፍ አይደለም። እንግዳ ጠርቼ፣ ቸኩዬ፣ ከሻይ ማንቆርቆሪያው ላይ በቀጥታ ቀዳሁበት። ሁለት ሰዓት ጠበቅን፤ ሊጡ እንዳስቀመጥኩት ተቀምጧል። የእንግዶቼ ትልቋ እትዬ ሳህኑን ገልጠው አዩና «ልጄ፣ ይሄማ ቂጣ ነው» አሉኝ። ምጣድ ተጣደ፣ በአዋዜ በላነው።

የእርሾው ሕይወት ካጠራጠራችሁ ከለብ ያለ ውኃና ከትንሽ ስኳር ጋር በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁት። አረፋ ከያዘ በሕይወት አለ።

ጨውስ? ጨው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ለእርሾው ልጓም ነው፤ እንዳይጋልብ ይይዘዋል። መረቡንም ያጠነክረዋል። ጨው የተረሳበት ሊጥ ቶሎ ኩፍ ይላል፣ ቶሎም ይሟሽሻል።

ምን ያህል ይታሽ?

ከ20 ደቂቃው ዕረፍት በኋላ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ማሸት ይበቃል። ክንድ ማድከም አያስፈልግም። መዳፍ ይገፋዋል፣ ጣቶች ይመልሱታል፣ ሊጡ እሩብ ዙር ይዞራል፤ እንደገና። መድረሱን ለማወቅ ትንሽ ቆርሳችሁ በጣቶቻችሁ መካከል ቀስ ብላችሁ ዘርጉት። ሳይቀደድ ሳስቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ሽመናው አልቋል። ከተቀደደ ሌላ 10 ደቂቃ አሳርፉና ደግሞ እሹት።

አዲስ አበባ ላይ ለምን ይፈጥናል?

ይህንን የውጭ የፒዛ መመሪያ እምብዛም አይነግራችሁም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው የሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ሊጡን ከላይ የሚጫነው አየር ቀላል ስለሆነ ውስጡ ያለው ጋዝ በቀላሉ ይነፋል። ሚላኖ ላይ የተጻፈ መመሪያ «ሁለት ሰዓት» ካለ እዚህ ከአንድ ሰዓት በኋላ መመልከት መጀመር ነው። ሰዓቱን ተዉና ሊጡን እዩ፤ እጥፍ ሲሆን ደርሷል። ጣታችሁን ዱቄት አስነክታችሁ ጫን ስትሉት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ በከፊል ከተመለሰ ጥሩ ነው። ወዲያው ከዘለለ ገና ነው። ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል። እርሾውንም በሩብ ያህል መቀነስ አይከፋም።

ከፍታው ላይ ውኃም ቶሎ ይተናል። ሊጡ ክፍቱን ከተቀመጠ ፊቱ ይቆረፍዳል፣ የቆረፈደ ፊት ደግሞ ኩፍ ማለትን ይከለክላል። እርጥብ ጨርቅ ወይም ክዳን ይሸፈን።

ዱባይ ወይም ጅዳ ያለች እህት ችግሯ ሌላ ነው፤ ከፍታ የለባትም፣ ሙቀት ግን አለባት። ማእድ ቤቷ 30 ዲግሪ ካለፈ ለብ ያለ ውኃ አያስፈልጋትም፤ ቀዝቃዛ ውኃ ትጠቀም።

ማሳደር ምን ይጨምራል?

ጊዜ ካላችሁ ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ይህ ነው። እርሾውን ወደ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቀንሱ፤ ሊጡ ከታሸ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ውጭ ይቆይና ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ ተድቦልቡሎ፣ በዘይት በታሸ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ይግባ። ከ24 እስከ 72 ሰዓት መቆየት ይችላል።

በቅዝቃዜ እርሾው ያንቀላፋል እንጂ አይተኛም። ኢንዛይሞቹ ግን ሥራቸውን አይተዉም፤ ስታርቹን ወደ ስኳር፣ ፕሮቲኑንም ወደ ትናንሽ ቁርጥራጮች እየሰበሩ ያድራሉ። ፒዛው ኦቨን ሲገባ ቡናማ መልክ የሚሰጡትና ያንን የተጠበሰ ዳቦ ሽታ የሚያመጡት እነዚህ ሁለቱ በሙቀት ሲገናኙ ነው። ያደረ ሊጥ ሲበስል የሚያምረው፣ የቸኮለው ደግሞ ነጣ ብሎ የሚወጣው ለዚህ ነው። ሥራውም ያነሰ ነው፤ መረቡ በጊዜ ብዛት በራሱ ስለሚያያዝ ማሸቱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢሆን ይበቃል። ከመጋገሩ ሁለት ሰዓት በፊት ከፍሪጅ ይውጣ።

ስዘረጋው ለምን ይሰበሰባል?

ገና ስላላረፈ ነው። የታሸ ሊጥ እንደተወጠረ ላስቲክ ነው። ከታገላችሁት ይታገላችኋል። 15 ደቂቃ ሸፍናችሁ ተዉትና ተመለሱ፤ እሺ ይላል። ማዕድ ቤት ውስጥ ይህን ያህል በመታገሥ የሚፈታ ችግር አላውቅም።

በመዳመጫ መዳመጥ ይቻላል፤ ግን ስንት ሰዓት የተጠበቀው አየር ሁሉ ተጨፍልቆ ይወጣል። በጣት መሥራት ይሻላል። ከመካከል ጀምራችሁ ወደ ዳር በጣት ጫፍ ተጫኑ፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚያህለውን ጠርዝ ግን አትንኩት። መሐሉን የለቀቀው አየር ወደ ጠርዙ ሸሽቶ ያብጣል። ከዚያ አንሥታችሁ በጭብጣችሁ ጀርባ ላይ አዙሩት፤ ክብደቱ ራሱ ይዘረጋዋል። ወደ ላይ የሚወረውሩት የኔፕልስ ጋጋሪዎች ሙያ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ለቤት መወርወሩ አያስፈልግም።

ኦቨኑ እንዴት ይዘጋጅ? ኦቨን ከሌለስ?

ኦቨኑን እስከ መጨረሻው ክፈቱትና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አግሉት፤ ከባዱን ትሪ ገልብጣችሁ ውስጡ ትታችሁ። ፒዛው ቀዝቃዛ ትሪ ላይ ሆኖ ከገባ ታቹ ሳይበስል ላዩ ይደርሳል። የጋለ ብረት ላይ ካረፈ ግን ከሥር ወዲያው ይያዛል፣ ጠርዙም ብድግ ይላል። ፒዛውን በመጋገሪያ ወረቀት ላይ አዘጋጅታችሁ ከነወረቀቱ ማንሸራተት ቀላል ነው፤ ወረቀቱ ምን ያህል ሙቀት እንደሚችል ማሸጊያው ላይ ተመልከቱ።

ኦቨን የሌለው ሰው ወፍራም መጥበሻ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ ይበቃዋል። የተዘረጋውን ሊጥ በጋለው ላይ አድርጋችሁ ሁለት ደቂቃ ያህል፣ ሥሩ ነጠብጣብ እስኪያወጣ። ገልብጡት። በበሰለው ፊት ላይ ስጎውንና ቺዙን አድርጉ፣ እሳቱን ቀንሱ፣ ክደኑት። ቺዙ ሲቀልጥ ደርሷል።

ከላይ የሚደረገው ቀላል ይሁን። ቲማቲም ተፈጭቶ ጨው ከገባበት ሳይበስል ይሆናል፤ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ለአንድ ፒዛ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ሊጡን ያረጥበዋል። የቤት አይብ አይቀልጥም፤ በአሲድ የረጋ ስለሆነ ሲሞቅ ይደርቃል እንጂ አይሳብም፤ ከፈለጋችሁት ከወጣ በኋላ ነስንሱበት። ሊጡ ራሱ ወተትም ቅቤም እንቁላልም ስለሌለው ከመሠረቱ የጾም ነው፤ በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ብቻ ዓርብና ረቡዕ ይሄዳል።

አንድ ድቡልቡል ከተረፈ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ሦስተኛው ቀን ላይ ጣዕሙ ከመጀመሪያው ቀን ይበልጣል። አምስተኛው ቀን ላይ ክዳኑን ስትከፍቱት ጠላ ጠላ ይሸታችኋል፣ ሊጡም ተሟሽሾ ጠፍጣፋ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያንን ኩፍ አደርገዋለሁ ብላችሁ አትድከሙ፤ ምጣድ ጣዱ፣ አዋዜውን አቅርቡ።